መጣ ወይስ መታ?

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሮተርዳም አንድ ተማሪ «አባዬ መታ!» ሲል ሁላችንም ደነገጥን። ለካስ አባቱ ሊወስደው መጥቶ በር ላይ ቆሟል!

ሆላንድኛ «ጠ» የለውም፤ ያልለመደ ጆሮ «ተ» ብሎ ይሰማዋል። ሕፃናት ግን ይበልጡናል። ዌርከርና ቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ እንዳሳዩት፣ ቤታቸው እንግሊዝኛ የሚነገር ከ6 እስከ 8 ወር ያሉ ሕፃናት የሂንዲን ሁለት ዓይነት «ት» ይለያሉ። ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን አብዛኞቹ አይለዩም፤ ጆሯቸው የቤቱን ቋንቋ ብቻ ለምዷላ!

ወላጆች፣ ስለዚህ ልጆቻችሁን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በአማርኛ አውሯቸው። ልጆች፣ እናንተም አልረፈደባችሁም። ትንፋሻችሁን ያዙና «ጥ!» በሉ፤ ይወጣል። «ት» ግን እምቢ ይላል። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። ዛሬ አባዬ ሲመጣ ሞክሩት!