ልጃችሁ በኩፓት ሆሊም ለሥራ ስትጠራ፦ «ምን አደረግሽ?» ለሚለው ጥያቄ ቤት ውስጥ መዘጋጀት



ከልጆቻችን መካከል በኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ወይም በሆስፒታል በአስተዳደር ሥራ መቀጠር የሚፈልጉ አሉ። መዝኪራ ሬፉኢት፣ ቶር ሰጪ፣ የሕሙማን መቀበያ ሠራተኛ የሚባሉት ሥራዎች ናቸው። ኮርሱን ይጨርሳሉ፣ ቆሮት ሀዪም ይልካሉ፣ ለሬአዮን ይጠራሉ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም ይላል። ወላጅ «እንዴት ሆነ?» ሲል መልሱ «ደህና ነበር፤ ግን አልደወሉም» ነው። እኔ በመጋሽሬትነት ሥራዬ የማገኛቸው ወጣቶች አብዛኞቹ የቀሩት ዕውቀት አንሷቸው አይደለም፤ ያላቸውን ሳይናገሩት ስለ ወጡ ነው። ይህ ቤት ውስጥ በእናንተ እርዳታ ሊስተካከል የሚችል ነገር ስለሆነ ዛሬ ስለዚሁ እንነጋገር።

ቃለ መጠይቁ ምን ዓይነት ነው?

ድሮ አሠሪው «ስለ ራስሽ ንገሪን፤ ሥራውን ለምን ፈለግሽው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ይህ ዛሬም አልቀረም። ነገር ግን በብዙ ቦታ ዋናው ጥያቄ ሌላ ሆኗል። «ተቆጥቶ የመጣ ሰው ያስተናገድሽበትን አንድ ቀን ንገሪን»፣ «ሁለት አስቸኳይ ነገር በአንድ ጊዜ ሲመጣብሽ ምን አደረግሽ?»፣ «የሠራሽውን አንድ ስሕተትና እንዴት እንዳረምሽው ንገሪን» ይላሉ። ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት ሰውየው በእርግጥ ያደረገውን ነገር ነው። ለዚህ አሠራር መነሻ ከሆኑት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ማክሌላንድ ነው። በ1973 ባወጣው ጽሑፍ የትምህርት ውጤትና የአእምሮ ፈተና ብቻውን ሰው በሥራው እንደሚሳካለት አያሳይም፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ችሎታ ራሱ ይመዘን ብሎ ተከራከረ።

በጠያቂዎቹ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት አለ። ትዕግሥት፣ ሥርዓት መያዝ፣ ከሰው ጋር መሥራት፣ ምስጢር መጠበቅ የሚሉ ነገሮች ተጽፈውበታል። ለሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠየቅና ከእያንዳንዱ አጠገብ ነጥብ ይሰጣል። ልጃችሁ ትዕግሥተኛ መሆኗን ከፊቷ አይተው ነጥብ አይሰጧትም። ያልተናገረችው ነገር አይጻፍላትም።

የእኛ ልጆች የሚቸገሩበት ቦታ

እዚህ ላይ ነው አስተዳደጋችን የሚመጣው። ራስን ማመስገን ነውር ነው፣ በትልቅ ሰው ፊት ድምፅ ዝቅ፣ ዓይን ሰበር ይደረጋል ብለን ነው ያሳደግናቸው። ጥሩ አድርገናል፤ እኔም ልጆቼን እንዲሁ ነው ያሳደግሁት። ዕብራይስጥ ተናጋሪው ጠያቂ ግን ይህን አክብሮት አያነበውም፤ «በራሷ አትተማመንም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

የራሴን ልንገራችሁ። የነርስ ትምህርት ላይ ሳለሁ ለአንድ የክሊኒክ ሥራ ቀረብኩ። «ከቡድን ጋር የሠራሽውን ንገሪን» አሉኝ። የተናገርኩት ሁሉ «እኛ» ነበር፦ እኛ አዘጋጀን፣ እኛ ጠራናቸው፣ እኛ ጨረስን። ከሥራው ግማሽ በላይ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ጠያቂዋ ሁለት ጊዜ «አንቺስ?» አለችኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ሁላችንም ነን» ብዬ መለስኩ። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው። ሴትዮዋ እየረዳችኝ እንደነበረ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሽማግሌዎቻችን ይህን አጠያየቅ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። በአገር ቤት ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ ምስክሩ ተነሥቶ «እኔ ደግ ሰው ነኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? «የት ነበርክ? ምን አየህ? አንተስ ምን አደረግህ?» ነው የሚባለው። ሳይጨምር ሳይቀንስ የተናገረ ሰው ራሱን አመሰገነ አይባልም፤ መሰከረ ነው የሚባለው። ለልጆቻችሁ ነገሩን በዚህ መንገድ ብታስረዷቸው ከእኔ ምክር ይልቅ የእናንተ ቃል ይገባቸዋል። «ጎበዝ ነኝ» በሉ አንላቸውም። «ይህን አደረግሁ» እንዲሉ ፈቃዱን ከእናንተ ይስሙ።

አንድ ምሳሌ

አንዲት ልጅ አያቷን ይዛ ለምርመራ ሆስፒታል ሄደች እንበል። ቶፌስ 17 አልነበራቸውም፤ ኩፓው የሕክምናውን ወጪ እንደሚሸፍን ለሆስፒታሉ የሚያረጋግጥበት ወረቀት ነው። በኋላ በቃለ መጠይቅ ላይ «አንድ ችግር የፈታሽበትን ጊዜ ንገሪን» ስትባል እንዲህ ትመልሳለች፦ «አያቴ ወረቀት አልነበራቸውም፤ ደወልን፤ ተስተካከለ።» እውነት ነው፤ ግን ነጥብ የሚሰጥበት ነገር የለውም።

ያንኑ ታሪክ እንደ ምስክር ስትናገረው፦ «አያቴ ወራት የጠበቁት የዓይን ምርመራ ቶር ነበራቸው። ስንደርስ ቶፌስ 17 የለም ተባልን፤ ቶሩ ሊያልፍ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። አያቴ ዕብራይስጥ ስለማይችሉ ኃላፊነቱ የእኔ ነበር። መጀመሪያ የመቀበያዋን ሠራተኛ ቶሩን እንዳትሰርዝብን በትሕትና ጠየቅኳት። ከዚያ ወደ ክሊኒካችን ደወልኩ፤ የቴኡዳት ዜሁት ቁጥራቸውን ሰጥቼ ወረቀቱ በቀጥታ ለሆስፒታሉ እንዲላክ ጠየቅሁ። አያቴ ተበሳጭተው ሊሄዱ ተነሥተው ነበር፤ የሚሆነውን በአማርኛ አስረድቼ አስቀመጥኳቸው። ወረቀቱ ደረሰ፣ በቶራቸው ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከማንኛውም ቶር አንድ ሳምንት በፊት ወረቀቱን አረጋግጣለሁ።»

ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሁኔታው ምን ነበር፣ በእኔ ላይ ምን ወደቀ፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ መጨረሻው ምን ሆነ የሚለው ሁሉ በቅደም ተከተል አለበት። በጣም የሚረዝመው «እኔ ምን አደረግሁ» የሚለው ክፍል መሆን አለበት። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ከነገሩ የተማረች ሰው መሆኗን የምታሳየው እሷ ናት።

የእናንተ ድርሻ

ልጆቻችን «እኔ ምንም ልምድ የለኝም» ይላሉ። እናንተ ግን ታስታውሳላችሁ። ደብዳቤ ከኩፓው ሲመጣ ያነበበላችሁ ማን ነው? ለወንድሙ ሰነድ ከቢሮ ቢሮ የተመላለሰው፣ በሽሩት ሌኡሚ ጊዜ ከሽማግሌዎች ጋር የዋለችው ማን ናት? አንድ ቀን ማታ ቡና ተፈልቶ ቁጭ በሉና አምስት ወይም ስድስት እንዲህ ያሉ ታሪኮችን አብራችሁ አንሡ። ልጁ በዕብራይስጥ ይጻፋቸው፤ ለእናንተ በአማርኛ ይንገራችሁ። «እኛ» ሲል «አንተስ?» በሉት።

ልጅን ለእናቱ የውስጥ ሕመም አስተርጓሚ ማድረግ ትክክል አይደለም፤ እንደ ጤና ሠራተኛ ይህን ሳልናገር አላልፍም። አስተርጓሚ ማዘጋጀት የተቋሙ ሥራ ነው። በ2011 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ከሕሙማን ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያስማሙ ታዘዋል። ስለዚህም አማርኛ መቻል ለሥራው የሚጠቅም ችሎታ ነው፤ ልጃችሁ ሳታፍር ትናገረው። ታሪኩን ስትናገር ግን የታመመውን ሰው ስምና የሕመሙን ዓይነት አታንሣ።

ስለ ምስጢር የሚጠየቀው ጥያቄ

በጤና ሥራ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «የምታውቂያት ሴት መጥታ የእገሊትን ልጅ ክሊኒክ አየኋት፣ ምን ሆና ነው ብትልሽ ምን ትያታለሽ?» የእኛ ማኅበረሰብ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ፣ የታመመን መጠየቅ ግዴታው የሆነ ነው። ልጆቻችን እዚህ ላይ ሲያመነቱ አይቻለሁ፤ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ ለትልቅ ሰው «አልነግርዎትም» ማለት ስለሚከብዳቸው ነው። በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን የሕክምና ተቋሙን ሠራተኛ ሁሉ በሥራው ምክንያት ያወቀውን የታካሚ ምስጢር እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ጥሩው መልስ አክብሮትም ሕግም ያለበት ነው፦ «እማማ፣ ስለ እርስዎ ቢጠይቁኝም ለማንም አልናገርም።»

ይህን ቤት ውስጥ ተለማመዱት፤ እናት ትጠይቅ፣ ልጅ ትመልስ። ልጅቷ ሥራውን ካገኘች በኋላም «ዛሬ ማን መጣ?» ብላችሁ አትጠይቋት። ቶር ሳንጠብቅ አስገቢንም አትበሏት። በዚህ ምክንያት ሥራዋን ልታጣ ትችላለች፤ የታመመውም ሰው ከዚያ ክሊኒክ ይሸሻል።

ሌሎች ጥቂት ነገሮች

በ1988 የወጣው በሥራ እኩል ዕድል ሕግ አሠሪ በትውልድ፣ በሃይማኖት፣ በእርግዝና፣ በወላጅነትና በመሳሰሉት ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል። የውትድርና ፕሮፊልንም መጠየቅ አይፈቀድለትም። «ስንት ልጅ ትፈልጊያለሽ?» ብትባል ሳትቆጣ «በሥራ ሰዓቴ በሙሉ እገኛለሁ» ብላ ወደ ሥራው ትመልሰው።

ስሕተትሽን ንገሪን ሲሉ «ስሕተት የለብኝም» የሚል መልስ አይጠቅምም፤ ትንሽ ግን እውነተኛ ስሕተት፣ ከነእርማቱ ትናገር። ጠያቂውን ዓይኑን ማየት እዚህ አገር እንደ ድፍረት አይቆጠርም፤ ከእናንተ ጋር ስትለማመድ እናንተኑ እያየች ትናገር። መጀመሪያ ሁላችሁም ትስቃላችሁ፤ ምንም አይደለም።

ከቃለ መጠይቁ ስትመለስ «አለፍሽ?» ብላችሁ አትቀበሏት፤ መልሱን እሷም አታውቀውም። ምግቧን ስጧትና የተጠየቀችውን ጥያቄ ሁሉ ሳይረሳት በደብተር እንድትጽፈው አድርጉ። ለሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ይጠቅማታል፤ ከእሷ በኋላም ደብተሩን ታናሽ ወንድሟ ይወስደዋል።