አርፋጁ ተማሪ፣ ሶፋውና ዝሆኑ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ትዳርም አይደለም። ስለ ጭቅጭቅ ነው።

እቤታችን አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለች፤ ታናሽ እህቴ ነች። የቤቱ ትምህርት ሚኒስትር ደግሞ እኔ ነኝ። ጠዋት “ተነሺና አጥኚ!”፣ ማታ “ስልኩን አስቀምጪና አጥኚ!”፣ ምሳ ላይ ሳይቀር ጉርሻዬን እንደያዝኩ “አጥንተሻል?” እላታለሁ። እኔ ራሴ 12ኛን ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ሰው ነኝ። ጩኸቴ የሚበዛውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እሷ ግን ወይ ፍንክች! አንድ ቀን “አንቺ እኮ አይገባሽም” ብዬ ስጮህባት በሩን በላዬ ላይ ወርውራው ገባች። ሁለት ቀን ሙሉ ሳንነጋገር ከረምን።

ይህን ለአንድ የልጅነት ጓደኛዬ ነገርኩት። እሱ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነው። ሳቀብኝና “ቅዳሜ ከሰዓት ና። ያንተ ዓይነት በሽተኞች የሚሰበሰቡበት ቦታ አለ” አለኝ። ሄድኩ።

አምስት አስተማሪ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ

ቦታው ከት/ቤቱ ጀርባ ያለች ትንሽ ሻይ ቤት ነች። አምስት አስተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ከበዋል። ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ የተጣጠፈ፣ ቡና የፈሰሰበት የመጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አለ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምዕራፍ እቤታቸው ያነቡና ቅዳሜ ቅዳሜ ለሌሎቹ ያወራሉ። ከዚያ ክርክር ነው።

የመጽሐፉ ስም “ስዊች” ይባላል። ጻፊዎቹ ቺፕ ሂዝ እና ዳን ሂዝ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሰው አልለወጥ ሲል ለውጥ እንዴት ይመጣል የሚል ነው ነገሩ። እትዬ እያሉ የሚጠሯቸው አንጋፋዋ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ርዕሱን እያዩ “ማብሪያ ማጥፊያ ማለት እኮ ነው። ሰው እንደ አምፖል በጣት ቢበራ ምን ነበረበት!” አሉ። ሁላችንም ሳቅን።

መጽሐፉ የቆመው በአንድ ምሳሌ ላይ ነው። ምሳሌውን የተዋሱት ጆናታን ሃይት ከተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። ሰው ማለት ዝሆን የሚጋልብ ሰውዬ ነው ይላሉ። ጋላቢው አእምሯችን ነው፤ ያቅዳል፣ ይመክራል። ዝሆኑ ስሜታችን ነው። ዝሆኑ እምቢ ካለ ጋላቢው ልጓም ቢጎትት፣ ቢጮህ፣ የትም አይደርስም። ሦስተኛው ነገር መንገዱ ነው፤ ማለትም የምንኖርበት ሁኔታ።

በኛ ቋንቋ ላስረዳችሁ። “ከሰኞ ጀምሮ ሲጋራ በቃኝ!” ብሎ የሚምለው ጋላቢው ነው። ሰኞ ከቡና በኋላ ክብሪት የሚለምነው ዝሆኑ ነው። ሱቅ በደረቴው ልጅ ሁልጊዜ የቢሮህ በር ላይ መቆሙ ደግሞ መንገዱ ነው። ገባችሁ አይደል?

“ሶፋ? እኛ ዴስክ የለንም!”

የዚያን ቀን ተረኛው ጓደኛዬ ነበር። ያወራውም ባርት ሚላር ስለሚባል በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ የታሪክ አስተማሪ ነው። ሰውዬው ሁልጊዜ የሚያረፍዱ፣ ከኋላ ተቀምጠው የሚያወሩና የሚስቁ ተማሪዎች ነበሩበት። ቢቆጣ፣ ቢቀጣ አልሆነም። አንድ ቀን ያገለገለ ሶፋ ገዝቶ ክፍሉ ውስጥ ከፊት አስቀመጠ። ዴስክ ላይ ከመቀመጥ ሶፋ ላይ ዘና ማለት ይሻላል አይደል? ቀድሞ የመጣ ይቀመጥበታል። አርፋጆቹ ሶፋውን ለመያዝ ሲሉ ቀድመው መምጣት ጀመሩ። ከፊት ስለሆኑም ወሬው ቀረ።

የፊዚክስ አስተማሪው አላስጨረሰውም። “ሶፋ? እኛ ሦስት ተማሪ አንድ ዴስክ ላይ እያስቀመጥን ስለ ሶፋ እናውራ?” አለ።

ጓደኛዬ ግን ሶፋ ሳይገዛ የሞከረው ነገር ነበረው። የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የሱ ነው። እስከዛሬ ደወል ሲደወል በሩን ይዘጋ ነበር። “ቀጣሁ ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ፑል ቤት መሄጃ ፈቃድ ነበር የምሰጣቸው” አለ። አሁን በሩን ከፍቶ፣ መጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ላይ አንድ የድሮ የማትሪክ ጥያቄ በአቋራጭ ዘዴ ሰሌዳው ላይ ይሠራል። አምስት ደቂቃው ሲያልቅ ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ቢለምኑትም አይደግመውም። ከሰባት ቋሚ አርፋጆቹ አራቱ በሦስተኛው ሳምንት ደብተራቸውን ዘርግተው ሲጠብቁት አገኛቸው።

ሦስቱስ? ይኼኔ ነው ድምፁ ዝቅ ያለው። አንዷን ጠርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ “ለምንድነው የምታረፍጂው?” ብሎ ጠየቃት። እናቷ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ፤ ጠዋት ጠዋት ለየምግብ ቤቱ የምታደርሰው እሷ ነች። ከዚያ ነው የታክሲ ሰልፍ የምትይዘው። “እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሰነፍ ነች ብዬ ፈርጄባት ነበር” አለ። የልጅቷ ችግር ዝሆኑ ሳይሆን መንገዱ ነበር። ቁጣም ሶፋም አያድናትም። ዩኒት ሊደሩን ለምኖ ወደ ከሰዓት ፈረቃ አዛወራት። ይኸው ነው፤ አንድ ወረቀት ላይ አንድ ፊርማ።

ሁለቱን ገና አልጠየቃቸውም። “ሰኞ እጠይቃለሁ” አለ።

እውነት ነው፣ ግን ምን ይሠራልናል?

ቀጥሎ የእትዬ ተራ ነበር። የሳቸው ታሪክ ከቬትናም ነው።

ጄሪ ስተርኒን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1990 በሕፃናት አድን ድርጅት ተልኮ ቬትናም ሄደ። ሥራው በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን መርዳት ነው። መንግሥቱ የሰጠው ስድስት ወር ብቻ ነበር። የችግሩ ምክንያት ድህነት ነው፣ ንጹሕ ውኃ ማጣት ነው፣ የንጽሕና ጉድለት ነው። ሁሉም እውነት ነው። ስተርኒን ግን ይህን ሁሉ እውነት በስድስት ወር ምንም ላደርገው አልችልም አለ። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጠው። በዚሁ መንደር፣ ከዚሁ ድህነት ውስጥ፣ ደህና የሚያድጉ ልጆች አሉ ወይ? አሉ። እናቶቻቸው ምን ያደርጋሉ?

ሌሎች ቤቶች በቀን ሁለት ጊዜ የሚያበሉትን ያንኑ ምግብ እነዚህ እናቶች አራት ጊዜ ከፋፍለው ያበላሉ። ከሩዝ ማሳው የሚለቅሟቸውን ጥቃቅን ሸርጣኖችና ሽሪምፖች፣ ሌላው ሰው የናቀውን የስኳር ድንች ቅጠልም ይጨምሩበታል። ከዚያ የመንደሩ እናቶች በቡድን እየተሰበሰቡ እንደዚያው አብረው አበሰሉ። ማንም ትምህርት አልሰጣቸውም፤ እጃቸው ነው የተማረው። በስድስት ወር ውስጥ 65 በመቶ የሚሆኑት ልጆች አመጋገባቸው ተሻሻለ።

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው “አሁን ወደኛው እንምጣ” አሉ። የኛውን ታውቁታላችሁ። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ጠረጴዛው ዙሪያ ምክንያቱ ጎረፈ። መጽሐፍ የለም፣ መሠረቱ ከታች ተበላሽቷል፣ ልጁ እንግሊዝኛው አልገባውም፣ ቤተሰብ አይከታተልም፣ ስልክ ነው፣ ረሃብ ነው። እትዬ እስኪያልቅ ጠበቁና “ሁሉም እውነት ነው። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ግን ምን ላድርግበት?” አሉ።

የሲቪክስ አስተማሪዋ “ሁሉንም ተማሪ ያሳለፉ ት/ቤቶች አሉ እኮ፤ ከነሱ እንማር” አለች።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። “አዳሪ ት/ቤት ነው የምትይኝ? ልጆቹ ተመርጠው የገቡ፣ መኝታና ምግብ ያላቸው! ስተርኒን እኮ ባለሥልጣን ዘመድ ያለውን ቤት ከጥናቱ አውጥቶታል። የኔ መምህር ከኔው ሰፈር ነው የሚገኘው።”

እናም ሮስተራቸውን አውጥተው ሲያገላብጡ ከአንድ ሰፈር የሚመጡ ሦስት ልጆች አገኙ። የሦስቱም ቤት ድሃ ነው፤ የእንግሊዝኛ ውጤታቸው ግን ከመስከረም ጀምሮ ከፍ ብሏል። ጠርተው ጠየቋቸው። ልጆቹ ማታ ማታ አንደኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ስልካቸውን ለቤቱ እናት ያስረክባሉ። ከዚያ በተራ አንዱ የቀኑን ትምህርት ለሁለቱ ጮክ ብሎ ያስረዳል፤ ሲሳሳት ይሳቅበታል። በቃ። ገንዘብ የለ፣ አስጠኚ የለ። እትዬ ይህንኑ ሦስቱ ራሳቸው ክፍሉ ፊት ቆመው እንዲያሳዩ አደረጉ። “እኔ ብነግራቸው ምክር ነው። ጓደኛቸው ሲያሳያቸው ግን ‘እኔስ ምን ያንሰኛል’ ይላሉ” አሉ።

ዝሆኑ ሣር ይፈልጋል

ሁሉም በመጽሐፉ ፍቅር ወድቋል እንዳትሉ። የፊዚክስ አስተማሪው “የመምህሩስ ዝሆን?” ብሎ ጠየቀ። “ደመወዜ ቤት ኪራይ ከፍሎ ለአስቤዛ አይተርፍም። ማታ አስጠናለሁ፣ ቅዳሜ አስጠናለሁ። ዝሆኔ ሣር ይፈልጋል ወንድሜ! እነዚህ ወንድማማቾች ስለ ሣር የት ምዕራፍ ላይ ጻፉ?”

ማንም አልመለሰለትም። መልስ ስለሌለው ነው። አንድ ነገር ደግሞ ጨመረ። መጽሐፉ የሚከፈተው ትልቅ ዕቃ የተሰጣቸው ሰዎች ብዙ ፈንድሻ በሉ በሚል ጥናት ነው። የዚያ ጥናት ባለቤት ብራያን ዋንሲንክ በሌሎች በርካታ ጥናቶቹ ምክንያት በዩኒቨርሲቲው ጥፋተኛ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለቋል። “ስለዚህ ቅዱስ መጽሐፍ አታድርጉት” አለ። እትዬም “አላደረግነውም። ገለባውን ለነፋስ፣ ፍሬውን ለጎታ” አሉት። እሱም ቢሆን ቅዳሜ አልቀረም፤ ከማንም በላይ ያነበበውም እሱ ነው።

እኔስ?

ማታ እቤት ገባሁ። እህቴ ሳሎን ነች፤ ስልኳን ይዛለች። “አጥንተሻል?” ልል አፌን ከፍቼ ዋጥኩት። በምትኩ “ባለፈው ሳምንት ደህና አድርገሽ ያጠናሽበት ቀን አለ?” አልኳት።

በጥርጣሬ አየችኝ። “ምን አስበህ ነው?”

“ምንም። ልወቅ ብዬ ነው።”

ትንሽ አሰበችና “ሐሙስ” አለች።

“ሐሙስ ምን ተገኘ?”

“ሐሙስ አንተ ጽሑፍህን ልታደርስ ሄደህ አምሽተህ ነው የምትመጣው። ቤቱ ፀጥ ይላል።”

አይ ጉድ! ምን ልበል? ከዚያ ቀስ እያለች የቀረውን አወጣችው። “‘አጥንተሻል?’ ስትለኝ ሆዴን ይቆርጠኛል። ያንተን ውጤት የተነገረን ቀን ትዝ ይለኛል። ባልፍ ላንተ፣ ብወድቅ ላንተ። የኔ የቱ ጋ ነው?”

ወዳጆቼ፣ ስንት ዓመት ሰውን በብዕር እመክራለሁ፤ ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። “ይቅርታ” ብቻ ነው ያልኩት። እሷ ሰነፍ አልነበረችም፤ ፈርታ ነበር። ዝሆኗን ያስደነበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አሁን ማታ ከእራት በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ከቤት እወጣለሁ። ስመለስ ስላጠናችው አልጠይቅም። አንዳንዴ እሷው “ና ስማኝ” ትልና ባዮሎጂ ታስረዳኛለች። እኔ የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ እውነተኛ ጥያቄ ነው የምጠይቃት። ፈተናው ገና ነው። ታልፋለች ብዬ አልፎክርም። በሩ ግን ከዚያ ወዲህ በላዬ ላይ አልተወረወረም።

እናንተም የማይለወጥ የምትሉት ሰው ካላችሁ፣ እጮኛም ይሁን ልጅ ወይም ራሳችሁ፣ ከመጮሃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ነገሩ ደህና የሆነበት አንድ ቀን ነበር ወይ? ያን ቀን ምን ተለየ? ሁለተኛ፣ ሰውዬው እምቢ ብሎ ነው ወይስ መንገዱ ተዘግቶበት? እንጀራ የምታደርሰዋን ልጅ አስታውሱ። ሦስተኛዋ ታማለች፤ መንገዱ ላይ የተጋደምኩት እኔ ራሴ እሆን?

ጓደኛዬ ሰኞ እለት ሁለቱን አርፋጆች ጠይቋል። የነገሩትን የሚያወራው ቅዳሜ ነው። እኔም ወንበር ይዤ እጠብቃለሁ፤ ዘንድሮ አላረፍድም።

መካሪ አያሳጣችሁ፤ ጯሂ ግን ይቀንስላችሁ። ቸር ሰንብቱ!