የጥንታዊ ልብስ ሽንሽን በክፍል ውስጥ፦ ከማስረጃ ወደ ሙከራ

ለታሪካዊ ተውኔት የዘመኑን ልብስ ማዘጋጀት ብዙውን ጊዜ የጌጥ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ በአግባቡ ከተመራ፣ ተማሪው ማስረጃን ከግምት ለይቶ እንዲያይ የሚያሠለጥን ትምህርት ነው። ይህ ጽሑፍ የጥንታዊት ግብፅን የሽንሽን አሠራር በምሳሌነት ወስዶ ይህንኑ ለማብራራት ይሞክራል።

ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1913 ከካይሮ በስተደቡብ ከሚገኘው የታርካን መካነ መቃብር የቆሸሸ የተልባ እግር ጨርቅ ክምር አወጣ። ክምሩ እ.ኤ.አ. በ1977 ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሲጸዳ፣ በውስጡ እጅጌውና የትከሻው ክፍል በጠባቡ የተሸነሸነ ልብስ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው የራዲዮካርቦን ምርመራም ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3482 እስከ 3102 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ አመለከተ። በክርኑና በብብቱ በኩል የሚታየው ጭምድድ ልብሱ ተለብሶ እንደነበር ያስረዳል። ሽንሽኑ በምን መሣሪያ እንደወጣ ግን ልብሱ ራሱ አይናገርም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ቦይ ቦይ ያለው ጣውላ ለዚህ ያገለግል እንደነበር ይገምታሉ፤ በእጅ ብቻ ማጠፍም ይቻላል።

የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። የተልባ እግርም ሆነ ጥጥ ሲርስ ይለሰልሳል፤ ታጥፎና ተጭኖ ሲደርቅ የእጥፋቱን ቅርጽ ይይዛል፤ እንደገና ሲታጠብ ይለቃል። ፖሊስተር ግን ቅርጹን የሚይዘው በሙቀት ስለሆነ ለዚህ ሙከራ አይስማማም።

ስሌቱም ጠቃሚ ነው። ወደ አንድ ወገን የሚተኛና እርስ በርሱ ተጠጋግቶ የሚሠራ ሽንሽን ጨርቁን ሦስት ድርብ ስለሚያደርገው፣ 60 ሳንቲ ሜትር የተሸነሸነ ጨርቅ ለማግኘት 180 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል።

መምህሩ እያንዳንዳቸው 90 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት የጥጥ ቁራጮችን ያቅርብ። አንደኛው በደረቁ፣ ሁለተኛው ርሶ በእጅ ይታጠፍ፤ ሦስተኛው ርሶ ቀጫጭን እንጨቶች በተደረደሩበት ጣውላ ላይ ይጫን። ከደረቁ በኋላ ተማሪዎች የእያንዳንዱን ስፋት በየዕለቱ ለክተው ይመዝግቡ።

ከሁሉ በላይ መዝገቡ ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ ይኸውም ቅርሱ የሚያረጋግጠው በአንድ ወገን፣ ሙከራው የሚጠቁመው በሌላ ወገን እንዲጻፍ ነው። ጣውላው ጥሩ ሽንሽን ቢያወጣ፣ አሠራሩ የሚቻል መሆኑን እንጂ ግብፃውያን በእርግጥ እንዲያ ማድረጋቸውን አያሳይም። ይህን ልዩነት በእጁ ሠርቶ የተረዳ ተማሪ የታሪክ መጽሐፍንም በጥያቄ ማንበብ ይጀምራል። ስለሆነም የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከታሪክና ከእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜያት የጋራ ሰዓት ቢመድቡለት መልካም ይሆናል።