ስደተኛ ለክህነት ሲጠራ፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ላይ የተጻፈ ሐተታ

ወንጌላዊው ሉቃስ በአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን የነበሩትን ነቢያትና መምህራን ሲቈጥር አምስት ስም ያነሣል። አንባቢ ሆይ፥ ስሞቹን በችኰላ አትለፋቸው። በርናባስ የቆጵሮስ ሌዋዊ ነው፤ ሳውል የጠርሴስ ሰው ነው፤ ሉክዮስም ከአፍሪቃ ዳርቻ ከቀሬና የመጣ ነው። መንፈስ ቅዱስ ለሥራው የለያቸው ሁለቱም በዚያች ከተማ እንግዶች ነበሩ። ነገር ግን ቃሉ የመጣው ማኅበሩ ሲጾምና ሲያገለግል ነው እንጂ ለሁለቱ በስውር አይደለም። ሳውል በደማስቆ መንገድ የጌታን ድምፅ በጆሮው የሰማ ሆኖ ሳለ፥ ለዚህ መልእክት እጅ ሳይጫንበት አልወጣም።

ይህን የምናትተው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሬዳዋ በ1902 (ዓመቱን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን) የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ ግሪኩ፥ አርመኑ፥ ዐረቡ፥ ሕንዱ፥ ከየአውራጃውም የመጣው ያገራችን ሰው ሰፍሮባታል። በእንዲህ ያለች ከተማ ጥሪ ተሰማኝ ብሎ ወደ ካህን የሚመጣው ጐልማሳ፥ ዘመዱንና አስተዳደጉን ማንም የማያውቅለት ሰው ሊሆን ይችላል። ታዲያ ጥሪው እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል ቢሉ፥

በስደት ያለ ሰው ናፍቆትና ጥሪ ይመሳሰሉበታል። ቤቱ በራቀ ጊዜ የለመደውን ጸሎት የሚሰማባት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ናት፤ ስለዚህ ልቡ ወደ መቅደስ ይሳባል። ይህ መልካም ነው፥ ጥሪ ግን ላይሆን ይችላል። አንድም እንጀራና መጠለያ ፈልጎ ይሆናል፤ ይህንም ራሱ ላያውቀው ይችላል። በእኔ አሳብ ከሁሉ የሚሻለው መፈተኛ፥ ሥራና ቤት ካገኘ በኋላ ፈቃዱ ይጸና እንደ ሆነ፥ ቋንቋውን የማይናገረውንም ድኻ በደስታ ያገለግል እንደ ሆነ ማየት ነው። የአገሩን ልጆች ብቻ ለማገልገል የሚሻ ገና ናፍቆቱ አልለቀቀውም።

በአገራችን አቡነ ያዕቆብ የተባለው ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ የኢጣልያ ሰው ሲሆን በ1839 መጥቶ ግእዙንና የአገሩን ቋንቋ ተምሮ፥ በግእዝ ሥርዐት ቀድሶ፥ በ1860 በዚሁ ምድር ዐረፈ። የጎጃሙ መነኵሴ ብፁዕ ገብረ ሚካኤልም በ1841 ከርሱ ጋር ወደ ግብፅና ወደ ሮም ሄደ፤ በ1844 የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለ፤ ክህነትን የተቀበለው ግን በ1851 ነው። እንዲህ ያለ ሊቅ ሰባት ዓመት ከቈየ፥ ትናንት የመጣው ስለ ምን ይቸኩላል? ጳውሎስም ጢሞቴዎስን በማንም ላይ ፈጥኖ እጁን እንዳይጭን አስጠንቅቆታል።

ሌላም የሚመረመር ነገር አለ። የሐረር ሐዋርያዊ መንበር በላቲን ሥርዐት የሚኖር ነው። ከዓዲግራት መጥቶ በድሬዳዋ የሚኖር የግእዝ ሥርዐት ልጅ ግን የላቲኑን ቅዳሴ ብዙ ዓመት ስላስቀደሰ ሥርዐቱ አይለወጥም፤ በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖናም የላቲን ጳጳስ የምሥራቅ ሥርዐት ልጅን ያለ ሮም ፈቃድ እንዳይሾም ይከለክላል። ይህን አስቀድሞ ያልጠየቀ መካሪ ልጁን ከብዙ ዓመት ትምህርት በኋላ በደጅ ያቆመዋል።

ያው ሕግ፥ ለመኖር አስቦ የመጣ ሰው ወዲያው፥ እንዲሁም አምስት ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ሰው የቦታው ነዋሪ እንደሚሆን ይናገራል። ከሌላ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት የተሰናበተ ተማሪም የስንብቱን ምክንያት ከቀድሞ አለቃው በደብዳቤ ማምጣት አለበት። ጦርነት መንገዱን ዘግቶ የአገር ቤት ምስክር ቢታጣስ ቢሉ፥ ሕጉ ጳጳሱ እንደ ጊዜውና እንደ ቦታው በሌላ መንገድ እንዲመረምር ፈቅዶለታል። ያን ጊዜ አሠሪው፥ ጎረቤቱ፥ ባልንጀራው ስደተኛ ይጠየቃሉ፤ ክርስቲያን ያልሆነውም ይጠየቃል፤ ጳውሎስ የሚሾመው ሰው በውጭ ባሉት ዘንድ የተመሰከረለት እንዲሆን ይሻልና።