ቀለሙ የለቀቀ ቀፎ ለባለሀብት ኪሳራ ነው

የማር ነጋዴ ዐይን ዘወትር የሚያርፈው ባልዲው ላይ ነው። ማሩ ነጭ ነው ወይስ ቀይ፣ ተጣርቷል ወይስ ከነሰፈፉ ነው ብሎ ይጠይቃል። የወጣበትን ሣጥን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን በንብ ማነብ ገንዘቡን ለማዋል ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ይህንኑ ሣጥን ነው።

ባህላዊው ቀፎ ባለቤቱን ከጉልበት በቀር እምብዛም አያስወጣውም። ባለ ፍሬሙ የእንጨት ቀፎ ግን ቋሚ ንብረት ነው። አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ በ1852 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ አሠራር የቆመው በልክ ላይ ነው። በፍሬሙና በሣጥኑ ግድግዳ መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ከጠበበ ንቦቹ በሙጫ ያጣብቁታል፤ ከሰፋ የማር እንጀራ ይሠሩበታል። ቀለሙ የረገፈ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ልኩም ይፋለሳል። በስንጥቁ ጉንዳንና የሰም ብል ይገባሉ፤ ንቡም ጥሎ ይሄዳል።

በዞኑ ውስጥ ጉዳቱ እንደ ቦታው ይለያያል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አርባ ምንጭ ቀለሙን የሚልጠው ፀሐይ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ጨንቻ ደግሞ ዝናብና ጭጋግ እንጨቱን ያበሰብሱታል። ስለዚህ ለቆላው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ይመረጣል፤ ጥቁር ቀለም ሙቀት ስቦ ሰሙን ያለሰልሳል። ለደጋው የሚያስፈልገው የመጋጠሚያዎቹ ጥብቀት ነው።

ሥራው የሚጀመረው ማሩ ከተቆረጠ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ነው። ሁሉም ቀፎ ባንድ ጊዜ አይነሣም። ሁለት ሦስት ትርፍ ሣጥን ያለው ሰው ፍሬሞቹን ከነንባቸው በማምሻው ወደ ትርፉ ያዛውራል፤ ትርፉንም እዚያው በነበረበት ቦታ ያስቀምጣል። ባዶው ሣጥን ሰምና ሙጫው ይፋቃል፤ የላላው ቀለም በመፋቂያ ይነሣል፤ የቀረው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። አጥብቆ የያዘውን ቀለም እስከ እንጨቱ ማውረድ አያስፈልግም። ውስጡ ለብለብ ተደርጎ በእሳት ቢነካ የብሉን እንቁላል ያጠፋል። ስንጥቁ በኮላ ከተጠገነ በኋላ ከውጭ ብቻ ሁለት ጊዜ በፕላስቲክ ቀለም ይቀባል። ውስጡና ፍሬሙ አይቀቡም፤ ንቦቹ በራሳቸው ሙጫ ይለስኑታል። ሽታው ፈጽሞ ሳይጠፋ ንብ አይገባበትም።

ቀለም በኬሚካል ማስለቀቅና ምስጥ ለመከላከል የተቃጠለ ዘይት መቀባት ግን ዋጋ ያስከፍላል። እንጨት የጠጣው ነገር ወደ ሰምና ወደ ማር ሊሻገር ይችላል። ኢትዮጵያ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት እንድታስገባ የተፈቀደላት በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፈቃዱ የሚጸናው በባዕድ ነገር ቁጥጥር ነው። አሮጌ ቀለምም ሊድ የተባለው መርዛም ብረት ሊኖርበት ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ መጠኑን በ1 ሚሊዮን 90 ክፍል የወሰነው አዲስ ቀለም ላይ ነው፤ ቀድሞ የተቀባውን አያነሣውም። በመሆኑም ፍቆው አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ እንጨቱ እየረጠበ፣ ከንቡ ሥፍራ ርቆ መከናወን ይኖርበታል።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። አንድ ቆርቆሮ ቀለም ብዙ ሣጥን ያዳርሳል፤ አንድ የበሰበሰ ሣጥን ግን የአናጢ ዋጋንና የሸሸውን መንጋ የዓመት ማር ይዞ ይሄዳል። ያገለገለ ቀፎ የሚገዛም በአዲስ ቀለም መደለል የለበትም። ክዳኑን ይክፈት፣ ማዕዘኑን በጥፍሩ ይጫን፣ ፍሬሙን መዝዞ ይመልስ። ፍሬሙ ሳይታገል ከወጣና ከገባ ሣጥኑ ገና ዕድሜ አለው።