የባክቴሪያ መጣበቂያ ጂኖች

የባክቴሪያ መጣበቂያ ጂኖች ባክቴሪያ በሰው ህዋስ ላይ እንዲጣበቅ የሚያስችሉት ፕሮቲኖች የሚሠሩባቸው የዲኤንኤ ክፍሎች ናቸው። ሽንትና በአንጀት የሚያልፍ ፈሳሽ ያልተጣበቀን ባክቴሪያ ጠርጎ ያወጣል። ስለዚህ በብዙ ኢንፌክሽኖች የመጀመሪያው እርምጃ መጣበቅ ነው። በዚህ ረገድ በሰፊው ከተጠኑት ባክቴሪያዎች አንዱ በ1885 እ.ኤ.አ. ቴዎዶር ኤሸሪሽ የገለጸው ኤሸሪሺያ ኮላይ፣ በአጭሩ ኢ. ኮላይ ነው።

አብዛኛው ኢ. ኮላይ በጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። በሽታ የሚያመጡት ዓይነቶች የሚለዩት በያዟቸው ተጨማሪ ጂኖች ሲሆን፣ የመጣበቂያ ጂኖች ከእነዚህ መካከል ናቸው።

አሠራር

ብዙ ባክቴሪያዎች በገጻቸው ላይ ፊምብሪያ የሚባሉ ፀጉር መሰል መዋቅሮች አሏቸው። የኢ. ኮላይ «ዓይነት 1» ፊምብሪያ የሚሠራው ፊም በተባለ የጂኖች ስብስብ ነው። ፊም-ኤ ዘንጉ የሚገነባበትን ፕሮቲን፣ ፊም-ኤች ደግሞ ጫፉ ላይ የሚቀመጠውን ያዥ ፕሮቲን ያስገኛል። ይህ ጫፍ በሰው ህዋስ ገጽ ላይ ያለውን ማኖስ የተባለ ስኳር ይይዛል።

ስብስቡ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ የሚያገለግል 314 የቤዝ ጥንድ ርዝመት ያለው የዲኤንኤ ቁራጭ አለው። ቁራጩ በአንድ አቅጣጫ ሲሆን ፊምብሪያው ይሠራል፤ ሲገለበጥ ይቆማል። በዚህ ምክንያት ከአንድ ባክቴሪያ የተራቡት ሁሉ አንድ ዓይነት ጂን ይዘው ሳለ፣ ከፊሎቹ ፊምብሪያ ሲኖራቸው ከፊሎቹ አይኖራቸውም።

ጂኑና የሚጠቃው አካል

ባክቴሪያው የት እንደሚጣበቅ በአብዛኛው የሚወስነው በያዘው ጂን ነው።

ሽንት ፊኛ፦ ፊም-ኤች የፊኛውን ውስጠኛ ገጽ ለመያዝ ያገለግላል።

ኩላሊት፦ ፓፕ የተባሉት ጂኖች የኩላሊት ህዋሳት ላይ ያለ ሌላ ስኳር የሚይዝ ፊምብሪያ ይሠራሉ። ይህ ስኳር የፒ የደም ዓይነት ሥርዓት አካል ነው። ስኳሩ ፈጽሞ የሌላቸው ጥቂት ሰዎች ለእነዚህ ፊምብሪያዎች መያዣ አይሰጡም። ስለዚህ መጣበቅ በባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን በሰውም ዘረመል ላይ ይመሠረታል።

ትንሹ አንጀት፦ መርዝ አመንጪ የሆነው ኢ. ኮላይ የመጣበቂያ ጂኖቹን በአብዛኛው የሚይዘው ፕላስሚድ በተባለ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ሊተላለፍ በሚችል የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነው። ከተጣበቀ በኋላ የሚያመነጨው መርዝ ውኃማ ተቅማጥ ያስከትላል። በሕፃናት ላይ ተቅማጥ የሚያመጣ ሌላ ዓይነት ደግሞ 35 ሺህ የቤዝ ጥንድ ገደማ ርዝመት ያለው የጂኖች ቀጠና አለው። በዚህ ቀጠና ያለው ኢ-ኤ-ኢ የተባለ ጂን ኢንቲሚን የተባለውን ያዥ ፕሮቲን ያስገኛል። ባክቴሪያው ኢንቲሚን የሚይዘውን ተቀባይ ራሱ ሠርቶ በመርፌ መሰል መዋቅር ወደ ሰው ህዋስ ያስገባል።

በቃሊቲ ያለው ትርጉም

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አልፈው በስተደቡብ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። በዳርቻቸው በወንዙ ውኃ አትክልት ይለማል። የከተማው ትልቁ የፍሳሽ ማጣሪያም በቃሊቲ ይገኛል። ይሁንና ወደ ማጣሪያው መስመር ያልገባ ፍሳሽ ወንዞቹን ይበክላል።

የውኃ ምርመራ ኢ. ኮላይን የሚቆጥረው ዓይነ ምድር ወደ ውኃው መግባቱን ስለሚያመለክት ነው። ቁጥሩ ግን የተገኘው ባክቴሪያ በሽታ አምጪ መሆን አለመሆኑን አይናገርም። ያንን ለማወቅ ፒሲአር በተባለው ዘዴ እንደ ኢ-ኤ-ኢ ያሉ ጂኖች ይፈለጋሉ። ጂኖቹ ባይገኙም ውኃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ዓይነ ምድር ሌሎች ተዋስያንንም ሊይዝ ይችላል። በተጨማሪም ብዙ ባክቴሪያዎች በሚገናኙበት ፍሳሽ ውስጥ ፕላስሚዶች ሊተላለፉ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹም መድኃኒት የመቋቋም ጂኖችን ይይዛሉ።

ውኃን ማፍላትና አትክልትን አብስሎ መብላት ባክቴሪያው የትኛውንም የመጣበቂያ ጂን ቢይዝ ይገድለዋል። ተመራማሪዎች ደግሞ ማኖስን የሚመስሉ ውህዶች የፊም-ኤችን ጫፍ ዘግተው ባክቴሪያው ሳይጣበቅ በሽንት እንዲወጣ ማድረግ ይችሉ እንደሆነ ያጠናሉ። እንዲህ ያለው መድኃኒት ባክቴሪያውን ከመግደል ይልቅ መያዣ ያሳጣዋል።