ንግሥት እሌኒና የሥልጣን አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጆች፣ ነቢይቱ ዲቦራ በእስራኤል ላይ ትፈርድ እንደነበር በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 4 ተጽፏል። በሀገራችንም መንግሥትን በጥበብ የመራች ሴት ነበረች። እርሷም ንግሥት እሌኒ ናት።

እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ነበረች። አባቷ ሙስሊም ነበር፤ እርሷ ግን ተጠምቃ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነች። ንጉሡ በ1460 ዓ.ም. ሲያርፍ ልጁ በእደ ማርያም ነገሠ፤ የገዛ እናቱ ሞታበት ስለነበር እሌኒን እንደ እናት አከበራት።

በ1500 ዓ.ም. ልብነ ድንግል ሲነግሥ ገና ልጅ ነበር። ስለዚህ እሌኒ ሞግዚት ሆና መንግሥቱን ጠበቀች። ከአዳል ሙስሊሞች ጋር ከጦርነት ይልቅ ሰላምን ትመርጥ ነበር። የሰንበቴን ገበያ አስቡ፤ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገበያዩት ሰላም ሲኖር ነው። እሌኒም ይህን ታውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ክፉ ቀን ቢመጣ ብላ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላከች።

በውጭ ሀገርም ሥልጣን የያዙ እናቶች ነበሩ። የመስቀል ጦረኞች በያዟት በኢየሩሳሌም ንግሥት ሜሊሳንድ ከልጇ ከባልድዊን ጋር ትገዛ ነበር፤ ልጁ ሲያድግ ግን በሥልጣን ተጣልተው እ.ኤ.አ. በ1152 ጦር ተማዘዙ። ልብነ ድንግል ሲያድግ ግን መንግሥቱን ያለ ጦርነት ተረከበ።

የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1512 ዓ.ም. ደረሱ። ንጉሡ ግን የአዳሉን የጦር መሪ ማሕፉዝን ድል አድርጎ ስለነበር የእሌኒ ስጋት ቀላል መሰለው፤ እንግዶቹንም ስድስት ዓመት አቆያቸው። በዚያው መካከል እሌኒ ዐረፈች። በ1521 ዓ.ም. ንጉሡ ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አሕመድ ተሸነፈ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የፖርቱጋል ጦር ለእርዳታ የመጣው ልብነ ድንግል ከሞተ በኋላ በ1533 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ልጆች፣ ሥልጣን የእግዚአብሔር አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የነገውንም ያስባል። የታላላቆችን ምክር የሚንቅ ደግሞ እንደ ሮብዓም ይጎዳል።

ጥያቄዎች
1. እሌኒ የማን ልጅ ነበረች?
2. ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላከችው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ የተሰጣችሁ አደራ ምንድን ነው? እንዴትስ ትጠብቁታላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።